አይጦቹን ያስተኛ ክኒን ሁሉ አንጎላቸውን አላዳነም

ሰሞኑን በደሴና በዙሪያዋ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ያላነበበው ሰው እንዲከታተለኝ ጭብጡን ላስቀምጥ። ሳይንቲስቶች የእንቅልፍ መድኃኒት ለአይጦች ሰጥተው የመርሳት በሽታን ማቆም ችለዋል ይላል። የአይጥና የሰው አንጎል አንድ ስለሆነ ለእኛም ይሠራል፤ የበሽታው መነሻም የእንቅልፍ ማነስ ነው። ስለዚህ የወሎ አዛውንቶች ሌሊት ለሶላትም ሆነ ለኪዳን መነሣታቸውን ይተዉ፤ እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ደግሞ ማንኛውንም የእንቅልፍ ክኒን፣ ለምሳሌ ዲያዜፓምን፣ ማታ ማታ ይውሰዱ ብሎ ይመክራል። የሚያሳርገውም የሰው ሙከራ እስኪጠናቀቅ መጠበቅ የድሃ አገር ሰው የማይችለው ቅንጦት ነው በማለት ነው።

እዚሁ ደሴ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ጽሑፉ ተነብቦ ቢረሳ ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ሰዎች በስልካቸው ይዘውት መጥተው ባንኮኒዬ ፊት ይቆማሉ፤ የክኒኑን ስም በጣታቸው እያሳዩ “ይህንን ስጠኝ” ይላሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ነጥቦቹ እኩል ስለማይመዝኑ እኩል ቦታ አልሰጣቸውም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ፣ “ሙከራው የመርሳት በሽታን አቁሟል” የሚለው ነው። ሙከራው እውነተኛ ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ኔቸር ኒውሮሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አውጥተውታል። የተጠቀሙባቸው አይጦች ታው የተባለው ፕሮቲን በአንጎላቸው ውስጥ እንዲበላሽ ተደርገው የተዳቀሉ ናቸው። ታው በጤናማ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ የውስጥ አውታሩን አጽንቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ፎስፌት ሲበዛበት ግን ከቦታው ይለቅቅና እርስ በርሱ ይተበተባል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ለእነዚህ አይጦች ሌምቦሬክሳንት የተባለ፣ በአሜሪካ ከ2019 ጀምሮ ለእንቅልፍ እጦት የተፈቀደ መድኃኒት ተሰጣቸው። የታው ብልሽት ቀነሰ፤ ለትውስታ ዋነኛ የሆነው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ መድኃኒቱን ካላገኙት አይጦች ጋር ሲነጻጸር ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል የበለጠ መጠኑን ጠብቆ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ያስቀሩት ግን የጥናቱን እምብርት ነው። ተመራማሪዎቹ ለሌላ የአይጦች ቡድን ዞልፒደም የተባለ፣ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀ ሌላ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጥተው ነበር። እነዚያም አይጦች ተኙ። አንጎላቸው ግን ምንም መድኃኒት እንዳላገኙት አይጦች ተሸረሸረ። ሁለቱም መድኃኒቶች አስተኝተው አንዱ ብቻ አንጎልን ከጠበቀ፣ ጠባቂው ማንኛውም በክኒን የመጣ እንቅልፍ ሊሆን አይችልም። ጸሐፊው “ማንኛውም የእንቅልፍ ክኒን” ብለው የደመደሙት ተቃራኒውን ካሳየ ጥናት ተነሥተው ነው። የተጠቀሰ ጥናት እንዲህ በጠቃሹ ላይ ሲመሰክር ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ዞልፒደምም ሆነ ዲያዜፓም የሚሠሩት ጋባ የተባለውን፣ የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚያረጋጋ ኬሚካል በማጠናከር ነው፤ ቤቱን በሙሉ ያጨልሙታል። ሌምቦሬክሳንት ግን ቤቱ ውስጥ የሚቀሰቅሰውን አንድ ሰው ብቻ ዝም ያሰኘዋል። ያ ቀስቃሽ ኦሬክሲን ይባላል። የተገኘው በ1998 ሲሆን፣ የሚያመነጩት በአንጎል ሥር ያሉ ጥቂት አሥር ሺህ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት የጠፉባቸው ሰዎች ቀን በሥራ ላይ እያሉ ሳይቀር እንቅልፍ ይጥላቸዋል።

ኦሬክሲንና የመርሳት በሽታ የተገናኙት ደግሞ ከዚህ ጥናት ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣውን ሙከራ ጸሐፊው ቢያነቡት ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ። ተመራማሪዎቹ በአይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ ቀጭን መምጠጫ አስገብተው፣ አይጦቹ እየተንቀሳቀሱና እየተኙ ሳለ በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ በየሰዓቱ ለኩ። ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት በሆነው በአልዛይመር የታመመ ሰው አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው ሌላው ፕሮቲን፣ አሚሎይድ፣ አይጦቹ ሲነቁ ከፍ፣ ሲተኙ ዝቅ ይል ነበር። በቀን 20 ሰዓት እንቅልፍ ተነፍገው ለ21 ቀን የቆዩት አይጦች በአንጎላቸው የተከማቸው አሚሎይድ ጨመረ። ኦሬክሲንን የሚያግድ አልሞሬክሳንት የተባለ መድኃኒት ያገኙት ደግሞ ቀነሰላቸው። ያ አልሞሬክሳንት የት ደረሰ? ሰው ላይ በመሞከር ላይ ሳለ በ2011 ሥራው ተቋረጠ፤ ለገበያም አልቀረበም። ለአይጥ የበጀው ሁሉ ክኒን ሆኖ ወደ ሰው እጅ አይገባም።

እንቅልፍ አንጎልን “ያጥባል” የሚለውንም ጸሐፊው እንደ ተዘጋ ጉዳይ ጠቅሰውታል። መነሻው በ2013 በኒውዮርክ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ የተሠራ ታዋቂ ሙከራ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት በ60 በመቶ ያህል ሰፍቶ ፈሳሽ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል ይላል። በ2024 ግን የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ እነርሱም በአይጦች፣ በእንቅልፍና በማደንዘዣ ጊዜ የማጽዳቱ ሥራ እንደሚቀንስ አየን ብለው ጻፉ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። በ2025 ደግሞ የመጀመሪያው ቡድን መሪ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ ውጤት አወጡ፤ ዞልፒደም አይጦቹን ቢያስተኛም ያንን የፈሳሽ ዝውውር የሚገፋውን የደም ሥሮች ምት አዳከመው። እንግዲህ የአንጎል እጥበት አለ ብለን ብንቀበል እንኳ ጸሐፊው ካዘዙት ወገን የሆነው ክኒን እጥበቱን የሚያውክ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የአይጥና የሰው አንጎል አንድ ነው የሚለው ነው። አንድ ቢሆን ኖሮ የሰው ዘረ መል፣ ማለትም ጂን፣ ማስገባት ባላስፈለገ ነበር። አይጥ ብታረጅም በራሷ አልዛይመር አይዛትም፤ በሽታው እንዲመጣባት የሰው ጂን ይተከልባታል። በሌምቦሬክሳንቱ ሙከራ የተተከለው የታው ጂን ለውጥ እንኳ በሰው ላይ የሚያመጣው አልዛይመርን ሳይሆን ሌላ ዓይነት የመርሳት በሽታ ነው። አይጥ በዚያ ላይ የሌሊት እንስሳ ናት፤ ቀን፣ እየቆራረጠች ትተኛለች። አይጥን ከዚህ በሽታ ያዳነ ነገር ሰውን የጎዳበት ጊዜም አለ። በ1999 አሚሎይድን ከአይጦች አንጎል ያጸዳ ክትባት ተገኘ ተብሎ ዓለም ተደሰተ፤ ክትባቱ ሰው ላይ ሲሞከር ከተከተቡት 6 በመቶ ያህሉ የአንጎል ብግነት ስለያዛቸው በ2002 ቆመ። ከ2002 እስከ 2012 ሰው ላይ ከተሞከሩት የአልዛይመር መድኃኒቶችም 99.6 በመቶው ከሽፈዋል፤ አብዛኞቹ አስቀድመው በእንስሳት ላይ ተስፋ የሰጡ ነበሩ።

አንድ ሌላ ያልተነገረ ነገርም አለ። ሌምቦሬክሳንት አንጎላቸውን የጠበቀላቸው ለወንድ አይጦች ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንን አልደበቁም፤ ምናልባት ሴቶቹ አይጦች ከመነሻው ብዙ ስላልተጎዱ ይሆናል ብለዋል። የፆታን ነገር ቀላል የሚያደርግ ሰው ካለ ዞልፒደምን ይመልከት። መድኃኒቱ በአሜሪካ ከተፈቀደ 20 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ2013፣ ከሴቶች ሰውነት ቀስ ብሎ እንደሚወጣ ታውቆ ለሴቶች የሚመከረው መጠን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ወረደ። የእኛ ጸሐፊ ግን ምክራቸውን የሰጡት ለ“እናቶቻችን” ነው።

ይህን ስል የአይጥ ሙከራ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ መምጠጫ አስገብቶ በየሰዓቱ መለካት አይቻልም፤ ከሁለት ወር በኋላ አንጎሉን አውጥቶ መመዘንም እንዲሁ። ሁለት መድኃኒት ጎን ለጎን አስቀምጦ “እንቅልፉ ነው ወይስ ኦሬክሲኑ?” ብሎ መጠየቅ የተቻለው በአይጥ ነው። አይጧ መልካም ጥያቄ አስገኝታልናለች። ጸሐፊው ጥያቄውን እንደ መልስ አነበቡት።

ጥያቄውን ወደ ሰው የወሰዱ ሰዎች እንዴት እንደ ተራመዱ ማየት ይጠቅማል። በ2023 የዚያው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የትውስታ ችግር የሌለባቸውን፣ ከ45 እስከ 65 ዓመት የሆኑ 38 ሰዎች መረጡ። ለአንዳንዶቹ የሌምቦሬክሳንት ዘመድ የሆነውን ሱቮሬክሳንትን፣ ለሌሎቹ ማስመሰያ ክኒን ሰጡ። ወገባቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ለ36 ሰዓት፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ የአከርካሪ ፈሳሽ ቀዱ። ከፍተኛውን መጠን በወሰዱት ላይ አሚሎይድ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀነሰ፤ አንዱ የታው ብልሽት ምልክትም ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ያማረ ውጤት ነው። ጥናቱን የመሩት ሐኪም ግን የመጀመሪያ ማሳሰቢያቸው፣ አልዛይመር ያሰጋኛል ያለ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ክኒኑን በየማታው መውሰድ መጀመር የለበትም የሚል ነበር። ሙከራው ሁለት ሌሊት ብቻ፣ ያውም በጤነኞች ላይ፣ የተካሄደ ነው። የውጤቱ ባለቤት ያልደፈሩትን ደሴ ላይ ሆነን የምንደፍረው ምን ይዘን ነው?

ወደ ሦስተኛው እንለፍ፤ የመርሳት በሽታ መነሻው የእንቅልፍ ማነስ ነው የሚለው። ግንኙነት አለ፤ አልክድም። በእንግሊዝ 8 ሺህ የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞችን ለ25 ዓመት የተከታተለ፣ በ2021 የታተመ ጥናት፣ በ50፣ በ60 እና በ70 ዓመታቸው ዘወትር 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት 7 ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት በ30 በመቶ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በሽታው ራሱ ከመታወቁ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ እንቅልፍን ያውካል። ማን ማንን እንዳመጣ መለየት የሚከብደው ለዚህ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 መከላከል የሚቻሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉንም ማስወገድ ቢቻል 45 በመቶ የሚሆነው የመርሳት በሽታ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ብሏል። የእንቅልፍ ማነስ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያሉት የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ድባቴ፣ ብቸኝነት፣ ሲጋራ፣ የአየር ብክለትና የመሳሰሉት ናቸው። ጸሐፊው ለእናቶቻችን በእውነት ካሰቡ የዓይን ሞራቸውን ለማስገፈፍ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይዘዋቸው ቢሄዱ፣ ግፊታቸውን ቢያስለኩላቸው፣ ጭስ ከሞላበት ማድቤት ቢያወጧቸው ይሻል ነበር።

ስለ ሌሊት ጸሎት ብዙ አልልም። ከላይ የጠቀስኩት የእንቅልፍ ነፈጋ ሙከራ አይጥን በግድ በቀን 20 ሰዓት ማንቃት ነው። ዒሻን ሰግደው በጊዜ ተኝተው ለሱብሂ የሚነሡ አባት፣ ወይም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኝተው ለኪዳን የሚነሡ እናት ከዚያ ጋር ምን ያገናኛቸዋል? ለሰላምታና ለወሬ ከቤት የሚያወጣቸውን ልማድ አስትቶ ቤት ማዋል ግን ብቸኝነትን ያመጣል፤ ብቸኝነት ደግሞ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዲያዜፓሙ፣ መጣን። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ስልካቸውን ይዘው መጡ። “ዶክተር፣ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትነሣ ታድራለች፤ መርሳትም ጀምራለች። ይኸው እዚህ ላይ ተጽፏል፤ ይህንን ስጠኝ” አሉኝ። ያለ ልዩ ማዘዣ የማይሸጥ መድኃኒት መሆኑን ነገርኳቸው፤ ቅር አላቸው። “እናትዎ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?” አልኳቸው። ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ክኒን አወጡ፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የግፊት መድኃኒት፣ ሽንት የሚያሸና። መቼ እንደሚወስዱት ስጠይቅ “ማታ፣ እራት ከበላች በኋላ” አሉ። እኚያ እናት የሚነሡት ሽንታቸው እየመጣ ነበር! ሲነሡ በጨለማ ግራ ይጋባሉ፣ በሩን ይስታሉ፣ ይጮኻሉ። ክኒኑን ጠዋት እንዲያደርጉት፣ የመርሳቱን ነገር ደግሞ ሐኪም እንዲያየው ነገርኳቸው። ለዲያዜፓም ተመልሰው አልመጡም።

በጽሑፉ ምክር ቢሄዱ ኖሮስ? ዲያዜፓም ከወጣት ሰውነት ግማሹ ለመውጣት አንድ ቀን ያህል ሲፈጅበት፣ በ80 ዓመት ሰው ከሦስት ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። በየማታው ሲወሰድ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። እኚያ እናት ሽንታቸው መምጣቱን አይተውም፤ የሚነሡት ግን እየተንገዳገዱ ነው። በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ሲሰበር ስንቱ ሰው ከአልጋ ሳይነሣ እንደ ቀረ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ክኒኑ ጥልቁን የእንቅልፍ ክፍል ይቀንሳል፤ ቀን ደግሞ ያፈዝዛል፣ ያስረሳል። ቤተሰቡ “በሽታው ባሰባት” ብሎ መጠን ይጨምራል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ለአዛውንቶች አይመከሩም ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ዲያዜፓምና ዘመዶቹ የሚገኙት በዚህ የተነሣ ነው። ጽሑፉን አንብቦ አሚትሪፕቲሊን ወደተባለው የድባቴ መድኃኒት ወይም እንደ ፕሮሜታዚን ወዳለ የሚያስተኛ የአለርጂ ክኒን ያዘነበለ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ይወቅ፤ አሴቲልኮሊን የተባለው የትውስታ ኬሚካል በአልዛይመር ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ያንሳል፤ ዶኔፔዚል የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት የሚሠራው እሱን በማብዛት ነው፤ አሚትሪፕቲሊንና ፕሮሜታዚን ግን ሥራውን ይዘጉታል። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ማለት ነው።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር፤ ዲያዜፓምን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው ይህንን አንብቦ በአንድ ሌሊት እንዳያቆም። ድንገት ማቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል፣ ጥቂት በጥቂት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ መጠበቅ ቅንጦት ነው የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ያዩት እውነት አለ። መድኃኒቱ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ለታማሚዋ ሳይሆን ለአስታማሚዋ ነው። አያቲቱ ከመሸ በኋላ “ቤቴ ውሰዱኝ” እያሉ ይነሣሉ፤ ቤታቸው የሚሉት ከስልሳ ዓመት በፊት የተዳሩበትን፣ ወረኢሉ ያለውን ነው። ምራቲቱ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ትራሷ ሥር አድርጋ፣ ፍራሿን ደፉ ላይ ዘርግታ ትተኛለች፤ ጠዋት ደግሞ ሥራ አለባት። እንዲህ ላለች ሴት “ጥናቱ እስኪያልቅ ታገሺ” ማለት በእርግጥም የጥጋብ ንግግር ነው።

ነገር ግን አሁን ያለው ማስረጃ ለእሷም ቢሆን የሚሰጠው ጥቂት ነው። ሱቮሬክሳንት እንቅልፍ ባጡ 285 የአልዛይመር ሕመምተኞች ላይ ተሞክሯል። በአራተኛው ሳምንት የወሰዱት በሌሊት 73 ደቂቃ፣ ማስመሰያውን የወሰዱት ደግሞ 45 ደቂቃ ጨምረው ተኙ። ልዩነቱ 28 ደቂቃ ነው። ያ ክኒን በእኔ መደርደሪያ ላይ የለም። ያለው ይህ ነው፦ አያቲቱን ጠዋት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፋቸውን ማሳጠር፣ ቡናውን ከቀትር በፊት ጠጥተው በረካውን እዚያው እንዲጨርሱ ማድረግ፣ ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ሕመም ወይም የሽንት ኢንፌክሽን እንዳለ ማስመርመር፣ መጸዳጃው ጋ ትንሽ መብራት መተው። ይህም ሁሉ ተደርጎ አንድ ሰው ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያድር ሌላ ልጅ፣ ሌላ ምራት፣ ወይም ወንድ ልጅ፤ ወንድ ልጅም ያስታምማል።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ጽሑፋቸውን በሙሉ ያንሡ አልልም፤ ስለ ኦሬክሲን የጻፉት ክፍል መልካም አማርኛ ነው፣ ሰውም ቢያነበው ይማርበታል። የዲያዜፓምን ስምና መጠን የሚናገረውን አንቀጽ ግን ዛሬ ያውጡት፤ በምትኩም ዞልፒደም የተሰጣቸው አይጦች ምን እንደ ሆኑ ይጻፉበት።